ከ136 እንቅስቃሴ በኋላ፦ ኔፖምኒያችቺን በዱባይ የሰበረው ምን ነበር?

ሕዳር 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ዓይን ሐታ ላይ ነበር። ሀገሪቱ የተመሠረተችበትን 50ኛ ዓመት ዋና በዓል ያከበረችው ከዱባይ ከተማ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በሐጀር ተራሮች መካከል በምትገኘው በዚህች ትንሽ ከተማ፣ በግድቧ ላይ ነው። በዚያው ምሽት ዱባይ ውስጥ ሁለት ሰዎች የእረፍት ቀናቸውን እያሳለፉ ነበር። ኖርዌያዊው የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ማግነስ ካርልሰን እና ተፎካካሪው ሩሲያዊው ኢያን ኔፖምኒያችቺ። በኤክስፖ 2020 ግቢ አምስት ጨዋታ ተጫውተው አምስቱንም በአቻ ጨርሰዋል፤ ከ14ቱ ጨዋታዎች ገና ዘጠኝ ይቀራቸዋል።

በማግስቱ፣ ሕዳር 24፣ 6ኛው ጨዋታ በዱባይ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ተጀመረ። ያበቃው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። 136 እንቅስቃሴ፣ 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። በዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ታሪክ ከዚህ የረዘመ ጨዋታ የለም። የቀድሞው ክብረ ወሰን ካርፖቭና ኮርችኖይ በ1978 እ.ኤ.አ. በፊሊፒንስ ባጊዮ የተጫወቱት ባለ 124 እንቅስቃሴ ጨዋታ ነበር። በዱባይ ያሸነፈው ካርልሰን ነው።

ይህን ዜና ያኔ ካልሰሙት አይገረሙ። በዚያ ሰሞን የአብዛኞቻችን ጆሮ ከሀገር ቤት በሚመጣው የጦርነት ወሬ ላይ ተተክሎ ነበር፤ ቼዝ ማን ትዝ ይለዋል? አሁን መለስ ብሎ ማየት የሚያስፈልገው ግን ካርልሰን ስላሸነፈ አይደለም። ከዚያች ሌሊት በኋላ በነበሩት ሰባት ቀናት ኔፖምኒያችቺ ላይ የደረሰው ነገር ጫና ውስጥ ያለ ሰው እንዴት እንደሚወስን ስለሚያሳይ ነው። የሚያሳየው ደግሞ ብዙዎች ከተናገሩት የተለየ ይመስለኛል።

ቼዝ በባሕረ ሰላጤው

ቼዝ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ዱባይ በ1986 የዓለም የቼዝ ኦሊምፒያድን አስተናግዳለች። ሶቪየት ኅብረት ያኔ እንግሊዝን በግማሽ ነጥብ ብቻ በልጣ ነበር ወርቁን የወሰደችው። ሻርጃ የራሷ የታወቀ የቼዝ ክለብ አላት፤ የኤምሬትሱ ታላቅ ተጫዋች ሳሌም ሳሌህም የወጣው ከዚያች ከተማ ነው። በ2025 ክረምት ደግሞ ሪያድ ቼዝን ለመጀመሪያ ጊዜ በኢ-ስፖርት የዓለም ዋንጫ ውስጥ አስገባች። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 10 ደቂቃ ብቻ፣ ጭማሪ ሰከንድ የሌለበት። ካርልሰን እዚያም አሊሬዛ ፊሩዝጃን በፍጻሜው አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ስለዚህ ዛሬ የቼዝ ተጫዋች ማለት ጆሮ ማዳመጫ ካጠለቁት የኮምፒውተር ጨዋታ ባለሙያዎች ጎን የሚሰለፍ የስትራቴጂ ተጫዋች ነው። ኔፖምኒያችቺ ደግሞ ሁለቱንም ያውቃል። ወዳጆቹም ጋዜጦችም ባጭሩ «ኔፖ» የሚሉት ይህ ሰው በወጣትነቱ በዶታ ጨዋታ የተዋጣለት ነበር፤ በ2011 የውድድር ዋንጫ ያነሳ ቡድን አባል ሆኖ ያውቃል። የዶታ ተጫዋቾች አንድ ሰው ከተሸነፈ በኋላ ራሱን ስቶ የሚጫወትበትን ሁኔታ የሚጠሩበት ቃል አላቸው፤ «ቲልት» ይሉታል። መርከብ እንደሚያዘነብል ማለት ነው። ስልክዎ ላይ ቼዝም ሆነ ሌላ ጨዋታ የሚጫወቱ ከሆነ ነገሩን ሳያውቁት አይቀሩም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ተሸንፈው «አንድ ጨዋታ ብቻ» ብለው የጀመሩት ስድስት ጨዋታ ሆኖ፣ ስድስቱንም ተሸንፈው፣ ሰዓቱን ሲያዩት 9 ሰዓት ሆኖ ያገኙታል።

ታዲያ ኔፖ በዱባይ ያደረገው ይህንኑ ነው? ብዙዎች አዎ ብለዋል። እኔ አይመስለኝም።

የካርልሰን ውሳኔ

መጀመሪያ የካርልሰንን ሥራ እንይ። ከዱባይ በፊት ለዓመታት በዓለም ሻምፒዮና መደበኛ ጨዋታዎች ማሸነፍ ጠፍቶ ነበር። ካርልሰንና ካሩዋና በ2018 ለንደን ላይ ያደረጓቸው 12 ጨዋታዎች በሙሉ አቻ ነበሩ። ከ2016ቱ ግጥሚያ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎችና ከዱባይ የመጀመሪያዎቹ አምስት ጋር ሲደመር 19 አቻ በተከታታይ። ምክንያቱ ሚስጥር አይደለም። ሁለቱም ወገኖች በኮምፒውተር ታግዘው ከቤታቸው ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ የመጀመሪያዎቹን 15 ወይም 20 እንቅስቃሴዎች ሰሌዳው ላይ የሚያስቀምጡት እንደ ዳዊት ተሸምድዶ ነው። እኩል ጠጠር፣ እኩል ዝግጅት፣ እኩል ውጤት።

ካርልሰን በ6ኛው ጨዋታ 26ኛ እንቅስቃሴ ላይ ንግሥቱን ሰጥቶ ሁለት ግንብ ወሰደ። በተለመደው የጠጠር ዋጋ ሲሰላ ነገሩ የተቀራረበ ነው፤ ንግሥት ዘጠኝ፣ ሁለት ግንብ ደግሞ አሥር። ትርፍ ፍለጋ ያደረገው አይመስልም። ያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያሉት ሁለቱ ሠራዊቶች ከዚያ በኋላ አይመሳሰሉም። አንዱ በንግሥት ይዋጋል፣ ሌላው በሁለት ግንብ። ከቤት የመጣ መልስ እዚያ አይሠራም፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ እንደ አዲስ መታሰብ አለበት። ካርልሰን ለኔፖ የሰጠው ነገር ቢኖር ሥራ ነው። በየደቂቃው የሚታደስ የመወሰን ሥራ።

የሰዓቱን ነገር ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ለመጀመሪያዎቹ 40 እንቅስቃሴዎች ለእያንዳንዱ 2 ሰዓት ይሰጠዋል። ከዚያ ለሚቀጥሉት 20 እንቅስቃሴዎች 1 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ለቀረው ሁሉ 15 ደቂቃ፤ ከ61ኛው እንቅስቃሴ ጀምሮ ብቻ በየእንቅስቃሴው 30 ሰከንድ ይጨመራል። ስለዚህ 40ኛው ላይ ከመድረሳቸው በፊት ሁለቱም ሰዓት አጥሯቸው ተጨናንቀው ነበር፤ ሁለቱም ዕድል አምልጧቸዋል፤ ካርልሰንም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። እዚያ ላይ አቻ ሊሉ ይችሉ ነበር። አላሉም።

በ80ኛው እንቅስቃሴ ካርልሰን አንዱን ግንብ ሠዋ፤ በምትኩ አንድ ወታደርና አንድ ጳጳስ ወሰደ። ከዚያ በኋላ የቀረው ነገር ለዓይን ቀላል ይመስላል። በነጭ በኩል ግንብ፣ ፈረስና ጥቂት ወታደሮች እርስ በርስ ተጠባብቀው በቀስታ ይራመዳሉ። በጥቁር በኩል ንግሥት ብቻዋን ከሩቅ ትቆጣጠራለች። ልዩነቱ ያለው ማን መሳሳት ይችላል በሚለው ላይ ነው። ካርልሰን ቢሳሳት አቻ ይወጣል። ኔፖ ቢሳሳት ይሸነፋል። አንደኛው እንደፈለገ ወዲያ ወዲህ እያለ ሊሞክር ይችላል፤ ሌላኛው በየ30 ሰከንዱ ፈተና ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን አቀማመጥ መርጦ መግባት በራሱ ውሳኔ ነው፤ ከጨዋታው ውበት ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው።

ሰሌዳው ላይ ሰባት ጠጠር ብቻ ሲቀር ኮምፒውተሮች መልሱን በሙሉ ያውቁታል፤ እያንዳንዱ አቀማመጥ እስከ መጨረሻው ተሰልቶ በቋት ተቀምጧል። ያ ቋት እንደሚለው እስከ 130ኛው እንቅስቃሴ ድረስ ጨዋታው አቻ ነበር። በ130ኛው ላይ ኔፖ ንግሥቱን ኢ 6 ላይ አስቀመጠ፤ አለቀ። ስድስት እንቅስቃሴ ቆይቶ እጁን ሰጠ።

በስልክ ሆነው ጨዋታውን ይከታተሉ የነበሩ ብዙ ሰዎች የኮምፒውተሩን ቀይ መስመር አይተው «እንዴት ይሄን ይስታል» ማለታቸው አይቀርም። እስቲ ራስዎን ያስቀምጡት። እኩለ ሌሊት ነው፤ ከስምንት ሰዓት ለጥቂት የጎደለ ጊዜ ተቀምጠዋል፤ 129 ጊዜ ወስነዋል፤ ለ130ኛው ያለዎት ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። ያ ስህተት ለእኔ ስህተት አይባልም፤ የድካም ሂሳብ ነው። በሌሊት ፈረቃ ታክሲ ወይም የጭነት መኪና የሚነዳ ወገናችን ይህን ከማንም በላይ ይረዳል። በ12ኛው ሰዓት ላይ መንገዱ አልተለወጠም፣ ሰውየው ነው የተለወጠው።

ከዚያ በኋላ የመጣው

የሚገርመኝ 6ኛው ጨዋታ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

7ኛው ጨዋታ በማግስቱ በተለመደው ሰዓት ተጀመረ፤ ከሽንፈቱ 16 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማለት ነው። በዚህ ውስጥ መመገብ፣ መተኛት፣ መዘጋጀት አለ። ኔፖ ነጭ ይዞ በ41 እንቅስቃሴ ረጋ ያለ አቻ ወጣ። በግጥሚያው ደንብ ከ40ኛው እንቅስቃሴ በፊት አቻ መስማማት አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ 41 ማለት እንደተፈቀደ ጨረሱ ማለት ነው። ምክንያታዊ ውሳኔ ነው። የተመታ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹን ይሰበስባል።

8ኛው ጨዋታ፣ ሕዳር 26። ኔፖ ጥቁር ይዞ በ21ኛው እንቅስቃሴ አንድ ወታደር ወደፊት ገፋ፤ ካርልሰን ንግሥቱን ወደ ሰሌዳው ዳር አውጥቶ ንጉሡን አስፈራራና በሚቀጥለው እንቅስቃሴ ወታደር ለቀመ። ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ የምትረዝም ወጥመድ ናት፤ በክለብ ደረጃ የሚጫወት ሰው ተረጋግቶ ቢያይ ያገኛታል። ኔፖ ተሸነፈ፤ 5 ለ 3።

በቀጣዩ የእረፍት ቀን ጸጉሩን ተቆረጠ። ከኋላ ሰብስቦ የሚያስረው ረጅም ጸጉር ነበረው፤ ለ9ኛው ጨዋታ ያለሱ ብቅ አለ። ሩቅ አገር ያለ ሰው መከራ ሲደጋገምበት ገድ ለመለወጥ የሚያደርገውን ነው ያደረገው፤ በዚህ የሚስቅ ካለ እሱ ተሸንፎ አያውቅም። ጨዋታውንም በደንብ ጀመረው። ነጭ ይዞ በ27ኛው እንቅስቃሴ ወታደሩን ወደ ሲ 5 ገፋ። ጳጳሱ በዚያን ጊዜ በጠላት ሰፈር ውስጥ፣ ቢ 7 ላይ ነበር። ካርልሰን የራሱን አንድ ወታደር አንድ ቤት ብቻ አራመደ፤ ከሲ 7 ወደ ሲ 6። የጳጳሱ መውጫ መንገድ ተዘጋ። ጠጠሩ ተይዟል፤ የሚያድነው የለም። 6 ለ 3።

10ኛው አቻ ሆነ። 11ኛው፣ ታኅሣሥ 1 ቀን። ኔፖ ነጭ ይዞ በ23ኛው እንቅስቃሴ በንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ወደ ጂ 3 ገፋ፤ የካርልሰንን ግንብ ለማባረር። ካርልሰን ግንቡን አላሸሸም። ትቶት በሌላ በኩል ወታደር በላ፤ ግንቡ ሲበላ ደግሞ ንግሥቱ በተከፈተው የንጉሥ ቤት ገባች። ግጥሚያው 7 ነጥብ ተኩል ለ 3 ነጥብ ተኩል ተጠናቀቀ፤ ሦስት ጨዋታ ገና ሳይነካ።

ቁማር ነበር?

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ የሚታወቅ ነው። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ጥናት ሰው በትርፍ ላይ ሲሆን ጠንቃቃ፣ በኪሳራ ላይ ሲሆን ግን ደፋር እንደሚሆን አሳዩ፤ ካህነማን በ2002 የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች ዋነኛው ይኸው ነው። ገንዘቡን የተበላ ሰው ለማስመለስ ሲል ከበፊቱ የበለጠ ያስይዛል። እዚህ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ደመወዙን «ቶሎ እጥፍ ይሆናል» በተባለ ነገር ላይ አውሎ ተበልቶ፣ ያንን ለመመለስ ተበድሮ የጨመረ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ አስተሳሰብ ኔፖ ከ6ኛው ጨዋታ በኋላ ኪሳራውን ሊያሳድድ ወጣ፤ ቁማር ተጫወተ፤ ተበላ።

ጥሩ ታሪክ ነው፤ ግን ሰሌዳው አይደግፈውም። ሦስቱን ስህተቶች መልሰው ይዩዋቸው። 8ኛው ላይ የተገፋው ወታደር፣ 9ኛው ላይ ሲ 5፣ 11ኛው ላይ ጂ 3። አንዳቸውም ቁማር አይደሉም። ቁማርተኛ ጠጠር ይሠዋል፣ የራሱን ንጉሥ አጋልጦ ይዘምታል፣ ባላጋራውን ወደማያውቀው ጫካ ይጎትታል። እነዚህ ሦስቱ ግን ተራ፣ ጨዋ፣ የሚመስሉ እንቅስቃሴዎች ናቸው። ወታደር ወደፊት፣ ወታደር ወደፊት፣ ወታደር ወደፊት። 10ኛውን ጨዋታም ያስታውሱ፤ በሦስት ነጥብ ተመርቶ እያለ እንኳ ጥቁር ይዞ የመረጠው እጅግ ጥብቅ የሚባለውን የፔትሮቭ መከላከያ ነው። ኪሳራ የሚያሳድድ ሰው እንዲህ አይጫወትም።

ሌላም ምልክት አለ። ስህተቶቹ የወደቁት በ21ኛው፣ በ27ኛውና በ23ኛው እንቅስቃሴ ላይ ነው። ከ40ኛው በፊት የሚመጣው የሰዓት ጭንቀት ገና ሩቅ ነው። ካርልሰን ካወጣው ወጥመድም አልነበሩም፤ ማንም ሳይገፋው ራሱ የገባባቸው ናቸው። ግጥሚያው ካለቀ በኋላ ራሱ ኔፖ እንዲህ ያለ ነገር በሙያ ዘመኑ ገጥሞት እንደማያውቅ በሚገልጽ መንፈስ ተናግሯል፤ አምነዋለሁ።

እና ምን ጎደለ? ድፍረት አልጎደለውም፣ እውቀትም እንደዚያው። እንደኔ አስተያየት የጎደለው ትንሽ ነገር ናት። እንቅስቃሴውን ከመረጠ በኋላና እጁ ጠጠሩን ከመንካቱ በፊት ያለችው ማጣሪያ። «እኔ ይህን ካደረግሁ እሱ ምን ያደርጋል?» የምትለው ጥያቄ። ለጀማሪ የሚነገረው የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው፤ ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋውም እሱ ነው። ምክንያቱም አዋቂ ሰው ማጣሪያዋን በቃል አይጠይቃትም። ለሃያ ዓመት ሳይታወቀው ስትሠራለት ኖራለች፤ ስታቆምም አይታወቀውም። መኪና የሚያሽከረክር ሰው በመስታወት ኋላውን ማየቱን እንደማያስታውስ ሁሉ፣ ሳያይ የቀረበትን ጊዜም አያስታውስም።

የቀድሞ የሶቪየት ተጫዋችና መምህር ብሉመንፌልድ ለዚህ መድኃኒት አዝዞ ነበር። እንቅስቃሴህን ከመረጥህ በኋላ ወዲያው አትጫወት፤ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ጻፈው፤ ከዚያ ቀና ብለህ ሰሌዳውን እንደ ጀማሪ አዲስ ዓይን እየው። በጽሑፉ ምክንያት የምትገኘው ያቺ ግማሽ ደቂቃ ብዙ ንግሥቶችን አድናለች። በኋላ ግን ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከመጫወት በፊት መጻፍን ከለከለ፤ ወረቀቱ የማስታወሻ ደብተር ሆነ በሚል። ስለዚህ ዛሬ ማጣሪያዋ ያለችው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱ ደግሞ 136 እንቅስቃሴ ተጫውቷል።

የእኛ ሰንጠረዥ

ይህን ስጽፍ የሀገራችን ሰንጠረዥ ትዝ አለኝ። ወጣት አንባቢዎች ላታውቁት ትችላላችሁ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ታሪኩና ስለ ደንቡ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሳልትም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ማየቱን ጽፏል። ንግሥት የለበትም፤ በንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ ነው፤ ጳጳሱ በቆመበት ቦታ ፊል ነበር። ከሌላው ዓለም ቼዝ ሁሉ የሚለየው ግን አጀማመሩ ነው። «ወረራ» ይባላል። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ተራ በተራ መጫወት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ለማያውቀው ሰው ወረራ የፍጥነት ውድድር ይመስለዋል። አዋቂዎቹ ግን በወረራው ጊዜ ዓይናቸውን ከባላጋራቸው እጅ አይነቅሉም ነበር። እሱ ግራውን ሲያጠናክር አይተው የራሳቸውን ይለውጣሉ፤ ያወጡትን ይመልሳሉ። እጅ ይፈጥናል፤ ዓይን ግን የሚያየው ሌላውን ነው። የዛሬዎቹ የዶታ ወይም የስታርክራፍት ተጫዋቾች በኮምፒውተር የሚያደርጉት ይህንኑ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ኔፖ በፈጣን ተጫዋችነቱ የታወቀ ነው፤ በደህና ቀኑ ፍጥነቱ መሣሪያው ነው። በዱባይ የመጨረሻ ሳምንት እጁ እንደ ወትሮው ፈጠነ፤ ዓይኑ ግን የራሱን ጠጠር ብቻ ያይ ነበር።

ካርልሰን ራሱስ?

ይህን ሁሉ ካርልሰን አይነካውም ብሎ ማሰብ ስህተት ይሆናል። በ2016 ኒው ዮርክ ከካርያኪን ጋር ሲጋጠም 8ኛውን ጨዋታ በግድ ለማሸነፍ ሲታገል ተሸነፈ፤ ተናዶ ጋዜጣዊ መግለጫውን ጥሎ ወጣ፤ ተቀጣም። እሱ ላይ ቁማር የሚለው ማብራሪያ በትክክል ይሠራል። ሁለት ጨዋታ ቆይቶ ግን 10ኛውን በረጅም፣ አሰልቺ፣ ትዕግሥት በሚጠይቅ ጨዋታ አሸንፎ እኩል አደረገ፤ በመጨረሻም በፈጣን ጨዋታዎች ዋንጫውን አስጠበቀ። በሰኔ 2025 ኖርዌይ ላይ በወጣቱ ሕንዳዊ ጉኬሽ ሲሸነፍ ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታ ዓለም በሙሉ በቪዲዮ አይቶታል። የዚያን ውድድር ዋንጫ ያነሳው ግን ማን ነው? ካርልሰን። የተናደደው ለአምስት ደቂቃ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ሲቀመጥ ማጣሪያዋ አብራው ነበረች።

በሁለቱ መካከል የችሎታ ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። ወደ ዱባይ ሲመጡ ካርልሰን በደረጃ ነጥብ ከኔፖ በ70 ገደማ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ግጥሚያ በፊት በመደበኛ ጨዋታ ኔፖ ካርልሰንን ያሸነፈባቸው ጊዜያት ከተሸነፈባቸው ይበልጡ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎችም የእኩዮች ጨዋታዎች ናቸው። 70 ነጥብ ጳጳስን በራስ ወታደር አጥሮ ማስያዝን አያስረዳም።

ኔፖ እንዳልተሰበረም ሰባት ወር ሳይሞላ አሳየ። በ2022 በማድሪድ በተካሄደው የተፎካካሪዎች ውድድር ከ14 ጨዋታ 9 ነጥብ ተኩል አግኝቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ አንደኛ ወጣ። ካርልሰን ዋንጫውን አልከላከልም ስላለ በ2023 አስታና ላይ ከቻይናው ዲንግ ሊረን ጋር ተገናኘ። ሦስት ጊዜ መራ፤ ሦስቱንም ጊዜ ዲንግ ደረሰበት። 7 ለ 7 ሆነው ወደ ፈጣን ጨዋታ ሄዱ። በመጨረሻዋ ጨዋታ ዲንግ እንቅስቃሴ ደጋግሞ አቻ ሊወጣ ሲችል፣ ሰዓቱ እያለቀበት ግንቡን ጂ 6 ላይ ራሱ አስሮ አስቀመጠና ጨዋታው እንዲቀጥል አደረገ። አሸነፈ፤ ሻምፒዮን ሆነ። ያቺ እንቅስቃሴ እውነተኛ ቁማር ነበረች፤ ግን አይቶ የቆመረ ሰው ቁማር ነበረች።

ያው ዲንግ በታኅሣሥ 2024 ሲንጋፖር ላይ ከጉኬሽ ጋር በ14ኛውና በመጨረሻው ጨዋታ አቻ የሚመስል አቀማመጥ ይዞ ነበር። በ55ኛው እንቅስቃሴ ግንቡን ኤፍ 2 ላይ አስቀምጦ ለመለዋወጥ ሞከረ፤ ነገሩን ቀለል ለማድረግ። ጳጳሱ ማዕዘን ላይ እንደተያዘና እሱም ሊለዋወጥ እንደሚችል አላየም። የ18 ዓመቱ ጉኬሽ አየው፤ የዓለም ሻምፒዮንነትም እጅ ለወጠ። ከዱባዩ ሲ 5 ጋር ያስተያዩት። እዚህም ቁማር የለም። ደክሞት ከነገሩ ለመገላገል የሚፈልግ ሰው ሳያጣራ ያደረገው ጨዋ እንቅስቃሴ ነው።

ሐታ ውስጥ ባሉት ማረፊያዎች ወይም በዱባይና በአጅማን ሆነው ይህን የሚያነቡ ከሆነና ቼዝ ከሞካከሩ፣ የዱባዩ 9ኛ ጨዋታ በስልክዎ በቀላሉ ይገኛል። የኮምፒውተሩን ግምገማ ያጥፉት። እስከ 26ኛው እንቅስቃሴ ድረስ ይሂዱና ነጭን ይዘው ይቀመጡ፤ ወታደሩን ወደ ሲ 5 መግፋት ያምርዎት እንደሆነ ይዩት። ያምራል፤ ወደፊት ነው፣ ቦታ ይይዛል። ከዚያ ሰሌዳውን አዙረው ከካርልሰን ወንበር ይመልከቱና ሲ 6 ለማግኘት ስንት ሰከንድ እንደፈጀብዎ ይቁጠሩ።